ደህና ነኝ፣ አትድከሚ

ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላፍቶ

ዛሬ እሁድ ነው። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ረፋዱ ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ጎረቤቴ ሀኒፋ ነን። እሷ ሽንኩርቷን በሰፌድ ይዛ መጥታ እየላጠች ታወራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ለእህቴ ለማናዬ፤

ያለሽበት አገር ይመችሽ፤ በሰው ቤት ስትገቢ ስትወጪ ፊት የሚነሳሽ አይኑር፤ እጅሽ የነካው ይባረክ። እንደምን ከርመሻል? እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

አሁን ሀኒፋ «ማናዬ ምንሽ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። የእናቴ አክስት የልጅ ልጅ ናት አልኳት። «ይሄማ ዘመድ አይባልም» አለች። ማናዬን ገና ልጅ ሳለች እናቴ ከሰላሌ አምጥታ ከእኔ ጋር ባንድ አልጋ አሳደገቻት አልኳት። «እሱማ እህት ነው» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በስልክማ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን ሳንጨርስ ድምፁ ይቆራረጥና «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንል ካርዱ ያልቃል። መስከረም ላይ ጉልበቴ አላስቀምጥ አላስነሳ ብሎኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመችኝ፣ ጉልበቴንም ነካ ነካ አደረገችና፣ «እናቴ፣ ጉልበትሽ ምንም አልሆነም፤ ጭነት በዝቶበት ነው» አለችኝ። ስኳሬም ድንበር ላይ ነው አለች። አልተሻገረም፤ ቆሞ ወዲህ እያየ ነው ማለት ነው። «ክብደት ቀንሺ። ምግብሽን አስተካክዪ። ጉልበት የማይጎዳ እንቅስቃሴ ያዢ፤ ዋና ወይም ብስክሌት» አለችኝ። ላፍቶ ውስጥ የት እንደምዋኝ አልጠየቅኳትም።

ወደ ቤት ስመለስ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ለሁለት ሰው መሥራት አልተውኩም። እጄ የለመደውን ይሰፍራል፤ ድስቱም የሁለት ሰው ነው። የእሷን ድርሻ ማን ይብላው? እኔው እበላዋለሁ።

ነርሷ ብስክሌት ስትል ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። የምታስታምሚያቸው ሲኞራ ኢዳ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ እዚያ ፌራራ ከተማ በብስክሌት ዳቦ ሊገዙ ይሄዳሉ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ያኔ ስቄ ነበር። አሁን ለቡ ሄጄ በንቲን አነጋገርኩት። በንቲ ጎሚስታ ነው፤ የመኪና ጎማ ይለጥፋል፣ አሮጌ ብስክሌትም ይጠግናል። ብረቱ ዝቅ ያለ፣ ቀሚስ ለብሶ የሚነዳ፣ ፊቱ ላይ ዘንቢል ያለው ብስክሌት አለው። «እሁድ እሁድ ውሰጂው፤ አንቺ ቱታዬን ጣፊልኝ» አለኝ። ባዶ መሬት ላይ እየወደቅኩ ተማርኩ።

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከለቡ ወደ ጀሞ በሚወስደው የብስክሌት መንገድ ወጣሁ። የታክሲ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ማዘር፣ ጎማው እያለቀሰ ነው» አለ። ሹፌሩ ደግሞ «ተዋት፣ ጀሞ ስትደርስ ገና ይሆናል» አለው። ኦቦ ኮርሳን ታስታውሻቸዋለሽ? እርሻቸው ሰፈር ሆኖ፣ አሁን እዚያው መሬታቸው ላይ የቆሙ መኪናዎች ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሱ። «እዚህ ቦታ በሬዎቼ ያርሱ ነበር» አሉኝ። «እነሱም ካንቺ ይፈጥኑ ነበር።»

የምግቡን ነገር ገና አላወቅኩበትም። ቆሎ የገዛሁበት ወረቀት ላይ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ፤ «ክብደት ለመቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው» ይላል። ከዚያ በኋላ ተቀዷል። ከሁሉ አስቀድመው ምን እንደሚያደርጉ የምታውቂ ከሆነ ጻፊልኝ።

ይህን የምትወስድልሽ ጎፋ ያለችው ዘነቡ ናት። ጫማ ለማምጣት ሚላኖ ስትመላለስ እዚያ ፖስታ ውስጥ ትጥልልሻለች።

አምሳለ

*

ኅዳር ማለቂያ፣ 2017 (እዚህ ቀኑ ይምታታብኛል)
ፌራራ

እትዬ አምሳለ፣ ዓይኔ፤

ጤናሽን ያብዛልኝ፤ የእማማ ነፍስ ካለችበት ትመርቅሽ። ደብዳቤሽን ኩሽና ቆሜ አነበብኩት። በሬዎቹ ላይ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ ሲኞራ ኢዳ ከሳሎን «ምን ሆንሽ?» ብለው ተጣሩ። እንዴት ብዬ ኦቦ ኮርሳን በጣልያንኛ ላስረዳ? እንደምንም አስረዳኋቸው። «ፒያኖ ፒያኖ በያት» አሉ፤ ቀስ በቀስ ማለታቸው ነው።

እትዬ፣ እኔም እዚህ ስመጣ እየወደቅኩ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን ከነሸቀጡ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ጎማው ሲተነፍስ ደግሞ ምን እንደሚባል ጨነቀኝና ዝም ብዬ በአማርኛ «ጎሚስታ የት አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ለካ ቃሉ የነሱ ኖሯል፤ ሰውየው በጣቱ አሳየኝ። ያን ቀን አገሩ የኔ የሆነ መሰለኝ።

የተቀደደውን ወረቀት እኔ ልሙላልሽ። ከሁሉ አስቀድመው ቁርስ አይዘሉም። ጠዋት የዘለለ ሰው ማታ ድስት ይዞ ይቀመጣል፤ እኔን ጠይቂኝ። ሽሮሽ ላይ ዘይቱን በማንኪያ ለኪው፣ ከጀሪካን አታፍስሺው። ጎመኑን አብዢ፣ እንጀራውን ቀንሺ። ምስርና ባቄላ አይከለከልም። ሻይሽ ላይ ያለውን ስኳር ግን አውቀዋለሁ፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሱን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሺው፤ ምላስሽ ሳያውቅ ያልቃል። ስትነጂም ከሰው አትሽቀዳደሚ። ማውራት እስኪያቅትሽ ከደከመሽ በዝቷል ማለት ነው ይላሉ እዚህ።

እዚህ ጭጋግ ገብቷል። ከመስኮት ማዶ ያለው ቤት አይታይም። ሲኞራ ኢዳ በጊዜ ይተኛሉ፤ እኔ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዘግቼ አያለሁ። በአማርኛ የምናገረው ከራሴ ጋር ብቻ ስለሆነ ዝገት ያዘው መሰለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ለእድሳት ገብቷል። እሱ እስኪወጣ ከአገር መውጣት የለም፤ የወጣ ሰው መመለሱ ያጠራጥራል ይባላል። ከወጣልኝ ግን በሰው ቤት ማደር ይቀርና፣ ቀን ሠርቼ ማታ ወደ ራሴ ክፍል እገባለሁ። ስንት ዘመን የለመንኩት ነገር እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር አሰብኩ። እሁድ ያንቺ ሦስት ሰዓት የኔ አንድ ሰዓት ነው። አንቺ ስትወጪ እኔም እወጣለሁ። አንተያይም፣ ግን አብረን ነው የምንነዳው። እሺ በይኝ።

ማናዬሽ

*

ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላፍቶ

እሁድ ነው። ፀሐይ አለ፤ አቧራውም ተነስቷል። ቤት ውስጥ ማንም የለም።

ለእህቴ ለማናዬ፤

ጭጋጉን ያንሳልሽ፤ የለመንሽውን ወረቀት በእጅሽ ያስይዝሽ። ሲኞራ ኢዳን እጅ እነሳለሁ።

እሺ ብያለሁ። በየእሁዱ ሦስት ሰዓት ላይ ፔዳሉን ስረግጥ «ማናዬ ወጣች» እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ አወራሻለሁም። አንድ ሰው ሰምቶኝ ዘወር ብሎ አየኝ፤ በስልክ የማወራ መስሎት ተወኝ።

አሁን ጀሞ ደርሼ እመለሳለሁ። በንቲ ብስክሌቱን ቤቴ እንዳሳድረው ፈቅዶልኛል፤ ደረጃ ሥር በሰንሰለት አስረዋለሁ። ሥራ ቀንም ክርና ቁልፍ ልገዛ ስሄድ እሱን ነው የምይዘው። ጉልበቴ ዝም ብሏል። ነርሷ ሚዛኑን አይታ «ጎበዝ» አለችኝ፤ ስኳሩም ከድንበሩ ፈቀቅ ብሏል።

የምግቡ ነገር የተስተካከለው ትንሽ ድስት የገዛሁ ቀን ነው። ሻጩ «ለልጆች መጫወቻ ነው?» አለኝ። ለቤት ነው አልኩት። አንድ ሰው መሆኔን ያመንኩት ያን ቀን ይመስለኛል። ሽሮ ሠራሁበት፤ አንድ ጭልፋ ተኩል ወጣው። በላሁና አለቀ። የሚተርፍ የለም፣ የሚጠበቅም የለም።

ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። ማታ ማታ የራሴን ቀሚስ እያጠበብኩ ነው። ይሄ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ሌላ ነገር አየ። ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ከሳሽ» ይለኛል። ፍርድ ቤት የቆምኩ ይመስል፤ ማንንም አልከሰስኩም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን የአባቷን ሙት ዓመት ስታወጣ ሄጄ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ጉርሻ ዘረጋችልኝ፤ አንዱን ተቀበልኩ። ሁለተኛውን በቃኝ አልኩ። እጇ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ሌላዋ ቀስ ብላ፣ ግን እንድሰማ አድርጋ፣ «ተያት፣ ሆዷ አልቀበል ብሏት ይሆናል» አለች። ከዚያ ወዲያ ማንም አላጎረሰኝም።

ባለፈው ሀኒፋ በሩን ዘግታ፣ «አምሳል፣ እኔ ወሬ አላወጣም። ምንድን ነው ያገኘሽ?» አለችኝ።

«ብስክሌት» አልኳት።

«ቀልዱን ተይው።»

«ምግብም ቀነስኩ።»

«ሰው ደህና ሆኖ ምግብ ይቀንሳል?» አለችና አቀፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርቷን ይዛ አትመጣም፤ እንዳታደክመኝ ብላ ነው። ደንበኞቼም ዋጋ አይከራከሩኝም። የእድሩ ሴቶች ለበሽተኛ የሚሠራውን ሙክ ሠርተው አመጡልኝና አልጋዬ ዳር ተሰለፉ። ደህና ነኝ ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ሰው ከእኔ ጋር ቀስ ብሎ ማውራት ጀምሯል፤ ቀስ ብሎም ይሄዳል።

ዘነቡ ይህን ልትወስድ መጥታለች። በር ላይ አቁማ በስልኳ ፎቶ አንስታኛለች፤ ልልክላት ብላ ነው። አዲስ ያጠበብኩትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ወገቡን እዪልኝ።

አምሳለ

*

የካቲት 14 ቀን፣ 2017
ፌራራ

እትዬ፤

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። እግዚአብሔር ይማርሽ።

ዘነቡ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከመጣሏ በፊት ደወለችልኝ። «ማናዬ፣ እኔ አልነገርኩሽም፤ ግን አምሳለ አልቃለች» አለችኝ። ፎቶውንም ላከችው። ሌሊቱን ሳየው አደርኩ። አንገትሽ የእማማን አንገት መስሏል። ቀሚሱን እዪ ትይኛለሽ፤ እኔ ያየሁት ቀሚሱ ውስጥ ያጣሁትን ሰው ነው። ከዚያ ደብዳቤሽ ደረሰ። የእድር ሴቶች ሙክ ይዘው አልጋሽ ዳር እንደተሰለፉ በራስሽ እጅ ጽፈሽ፣ ስለ ብስክሌት ታወሪኛለሽ።

እትዬ፣ እማማንም አስታውሳለሁ። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ ልጄ፣ አትድከሚ» ይሉኝ ነበር። አንቺም ከጎናቸው ሆነሽ «ደህና ናቸው» ትይኝ ነበር። እኔ ሞኟ አመንኩ። መርዶውን የሰማሁት እዚህ አገር፣ በፊት በነበርኩበት ቤት ኩሽና ውስጥ የሽማግሌ እግር እያጠብኩ ነው። ድምፄን አውጥቼ እንኳ አላለቀስኩም፤ ሰውየው እንዳይደነግጡ። ሲኞራ ኢዳ ቤት ከመግባቴ በፊት ነው። እናቴን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ። ሁለተኛ አይደረግም።

ለሲኞራ ኢዳ ልጅ ነግሬዋለሁ። ለሆሳዕና ልመጣ ነው። ወረቀቱ ይቅር። ሳይወጣ ከሄድኩ እንደማልመለስ አውቃለሁ፤ አስቤበታለሁ። ካንቺ የሚበልጥ ወረቀት የለኝም። የምትታከሚበትን ቦታ ብቻ ንገሪኝ።

እሁድም ልንዳ ብዬ ወጥቼ ነበር። ድልድዩ ጋ ስደርስ ወርጄ እየገፋሁ ተመለስኩ።

ማናዬ

*

የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላፍቶ

ሰማዩ ደመና ይዟል፣ አልዘነበም። ብቻዬን ነኝ።

ለምወድሽ እህቴ ለማናዬ፤

ሁሉን የሚችል አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የአባቶች በረከት ይደርብሽ፤ ያሰብሽውን ይሙላልሽ፤ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። አትድከሚ።

ጾም ገብቷል። አሁን ሰዉ ሁሉ እንደኔ ጎመንና ሽሮ ስለሚበላ ማንም ሳህኔን አያይም። ሀኒፋም ረመዳን ይዛለች። ማታ ስታፈጥር በግድግዳው በኩል የሳህን ድምፅ እሰማለሁ።

የእናቴን አልጋ አንሶላ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው።

አምሳለ

*

መጋቢት 14 ቀን፣ 2017
ፌራራ

እትዬ፤

«ደህና ነኝ፣ አትድከሚ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ይቅርታም ጠየቅሽኝ። ሌላ ማስረጃ አልፈለግኩም፤ በማግስቱ ቲኬት ቆረጥኩ። ሚያዝያ 4 ማታ ተነስቼ የሆሳዕና ዕለት ጠዋት እገባለሁ።

በእኔ ቦታ የምትገባ ሴት አግኝተዋል፤ ከእኔ መሄድ ሦስት ቀን በፊት ትጀምራለች። ሲኞራ ኢዳ አለቀሱ። ብስክሌታቸውን ልስጥሽ አሉኝ፤ አውሮፕላን ላይ አይጫንም ብዬ ሳምኳቸው።

ስደርስ አትነሺ፤ በሩን ሀኒፋ ትክፈትልኝ። የመድኃኒቱን ስም ላኪልኝ፣ እዚህ ካለ ልግዛው። ሌላ ምን ላምጣልሽ? የሚያምርሽ ነገር አለ?

ጠብቂኝ ብቻ።

ማናዬ

*

መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላፍቶ

ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ዘነበ። ሀኒፋ ስሟን ስጽፍ ለማየት አጠገቤ ቆማለች።

ማናዬ፤

ዛሬ ሰላምታም ምርቃትም አልጽፍም። ምርቃት በጻፍኩ ቁጥር የምሞት እየመሰለሽ ነው።

ትናንት ደወልኩልሽ። ደህና ነኝ ስልሽ አለቀስሽ። እንዳልታመምኩ ስምልልሽ «ድምፅሽ ራሱ ከስቷል» አልሽኝ። ድምፅ እንዴት ይከሳል? ስልኩን የዘጋሁት ተናድጄ ነው፤ አሁንም አልበረደልኝም። ስለዚህ ዘነቡ ሚላኖ እንደደረሰች ይህን ከፍታ በስልክ ታንብብልሽ። ያለውን ሁሉ ትስማ፤ ግድ የለኝም።

የሚያምርሽ ነገር አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አለ። የብስክሌት ኮርቻ እፈልጋለሁ። የበንቲው ቆዳው ተልጦ ሽቦው እየወጋኝ ነው። ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ የሴት። ሲኞራ ኢዳ የቱ እንደሚሻል ያውቃሉ። ጥቁር አይሁን። ደግሞ ለኋላው ቸርኬ የፍሬን ጎማ፤ ቁልቁለት ላይ ያፏጫል፣ ውሾቹ ይከተሉኛል። ሁለቱንም ዘነቡ በሚቀጥለው ጉዞዋ ታምጣው። እስቲ ንገሪኝ፣ የሚሞት ሰው ፍሬን ይጠይቃል?

ነርሷ ያለችው ይኸውልሽ፤ ስኳሬ ደህና ነው፣ ጉልበቴ ደህና ነው፣ ደሜ ደህና ነው። የከሳሁት ብስክሌት ስለነዳሁና ድስቴን ስላሳነስኩ ነው። ሌላ ምንም የለም። ሀኒፋን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ ከነርሷ አፍ አሰማኋት። ቤት ስንገባ ክንዴን መትታ፣ «እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ዱዓ ሳደርግ ነው የከረምኩት» አለችኝ። አላህ ሰምቶሻል አልኳት። እንደዚህ ስቃ አታውቅም።

አሁን ደግሞ ያልጻፍኩልሽን ልጻፍ።

«አትድከሚ» ብዬ የጻፍኩልሽ እንዴት እንደምታነቢው አውቄ ነው። በእኛ ቤት አትድከሚ ማለት ነይ ማለት ነው። እናቴም ስትልሽ ነይ ማለቷ ነበር። ውሸት አልጻፍኩም፤ ደህና ነኝ ብያለሁ፣ አትድከሚም ብያለሁ። ግን እያንዳንዱን ቃል የጻፍኩት እንድትመጪ ነው። ይቅርታ ስጠይቅሽም የታመመ ሰው እንደሚጠይቀው መሆኑን አውቄያለሁ። አንሶላውን ሳጥብ አውቄያለሁ።

ልትመጪ ነው ብዬ ሳስብ ቤቱ ሌላ ሆነ። ትልቁን ድስት ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩት። ጠረጴዛውን ከግድግዳው ሳብ አደረግኩት፣ ሁለተኛዋ ወንበር እንድትገባ። ማታ ስበላ ወንበሯን እያየሁ ነበር። ሰፈሩ ታማለች ሲለኝም ዝም አልኩ፤ የታመመ ሰው ቢያንስ «ዋልሽ ወይ» የሚለው አለው። ደህና ስሆን ማንም አልጠየቀኝም፣ ማናዬ። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናው ይጮሃል፤ ሲቆም ቤቱ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ሲኞራ ኢዳ ብስክሌታቸውን ሊሰጡሽ እንደፈለጉ አነበብኩ። አዲሷ ሴትም ልትገባ እንደሆነ አነበብኩ። አንድ ክፍል፣ የራስሽ ቁልፍ፤ ለእሱ ስንት ዘመን የሰው እግር አጥበሻል። በኔ ድስት ማነስ ልታጪው ነው። ብትመጪ ደረጃውን ወጥተሽ በሩን ስከፍትልሽ ታዪኛለሽ፤ ጉንጬ ቀይ፣ እግሬ ጠንካራ። ያኔ ምን ብዬ ነው ዓይንሽን የማየው?

ቲኬቱን መልሺ። ዛሬ ነገ አትበይ። ለልጃቸው ደውዪና እህቴ ደህና ናት፣ ተሳስቼ ነው በዪው፤ አዲሷ ሴት ሳትገባ። ማመን ካቃተሽ እኔን ተቆጪኝ። ብትቆጪኝ ደስ ይለኛል፤ የታመመ ሰው ላይ ማንም አይቆጣም።

ወረቀትሽ ሲወጣ ነይ። ያኔ አትድከሚ አልልሽም። ነይ ነው የምልሽ።

እሁድ፣ መጋቢት 28

ይህን የምጨምረው ጎፋ፣ ዘነቡ ቤት ሆኜ ነው፤ ዛሬ ማታ ወደ ሚላኖ ትበራለች። ከተማው ደመና ነው፤ አልበረደም።

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩት ይህ ነው። አስቀድሼ ተመለስኩ። የእናቴን አልጋ አንሶላ አንስቼ አጣጠፍኩና ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ወንበሯን መለስኩ፤ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋሁት። በትንሿ ድስት ቂንጬ ሠርቼ ቆሜ ሳይሆን ተቀምጬ በላሁ። ድስቷን አጠብኩ። ሀኒፋ በሯን ከፍታ ስትወጣ፣ «ወዴት ነው?» አለችኝ። ጎፋ አልኳት። «ዳገቱንስ?» አለች። አላውቅም አልኳት። «ዛሬ ሽንኩርት አለብኝ፤ በጊዜ ተመለሺ» ብላ ገባች።

ብስክሌቱን ፈታሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ፔዳሉን ረገጥኩ። ማናዬ ወጣች ማለት ፈለግኩ፤ አልወጣሽም ብዬ ተውኩት። በላፍቶ በኩል ቀስ ብዬ መጣሁ። ዳገቱ መሀል ላይ ትንፋሼ አጠረ፤ ወርጄ ጥቂት ገፋሁ፤ ተመልሼ ወጣሁበት። ዘነቡ በሩን ስትከፍት አይታኝ ደነገጠች። «አምሳለ፣ ይህን ሁሉ መንገድ በዚህ?» አለችኝ። ለማናዬ አልቃለች ያልሻት አንቺ ነሽ ወይ አልኳት። ወንበር ሳበችልኝ። ከዚያ ቁርስ አቀረበች፤ ጉርሻዋን ሁለት ጊዜ ተቀበልኩ፣ ሦስተኛውን በቃኝ አልኳት፤ መልሳ ራሷ በላችው።

ወደ ላይ የሚቀጥለው መንገድ ከበረንዳዋ እስከ ጫፉ ይታያል። እዚያ ቁሚና እስክሰወር እዪኝ፣ ለማናዬ ያየሽውን ብቻ ንገሪያት አልኳት። ነጠላዋን ደርባ ወጣች። አሁን ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዳገቱን ልወጣላት ነው።